ቀይ ቀለም፣ ስስ ገለፈት

አንተ ብሩሽ ይዘህ፣ እኔ ቆርቆሮውን፣
በማዱማቲ ዳር ስንዞር መንደሮቹን፣
አረንጓዴ ሲሆን ፓምፑ፣ «ጠጡ» ማለት፣
ቀይ ሲሆን፣ «ልብስ ብቻ እጠቡበት፣
ከአፍ አርቁት»።

የአምቢያ ቢቢን ፓምፕ ቀይ የቀባን ዕለት
ውሃው ደግ ነበር ለዓይን፣ ለአንጀት፤
ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ እንከን የማይወጣለት።
«ባሌ የቆፈረው፣ ሃያ ዓመት የጠጣሁት፣
ዛሬ ምን አጠፋ?» አለች።
አባባ፣ አንተ ዝም አልህ፤
ብሩሽህን ብቻ በጋዜጣ ጠረግህ።

መዳፏ ላይ ያኔም ነጠብጣቡ ነበር፣
ካፊያ እንደ መታው እንደ መንገድ አፈር።
ለልጇ ለጁሌካ የመጣው አማላጅ
ቀዩን ፓምፕ አይቶ ተመለሰ ከደጅ።
ይህን አልነገርኩህም። አውቀኸው ይሆናል።

አሁን ራጅሻሂ፣ ከቤተ ሙከራ፣
ዓይን የማያየው ቤት ነው የምሠራ፤
ማዕዘኑ ዚርኮኒየም፣ ማገሩ ካርቦን፣
ክፍሉ ሁሉ ባዶ፣ ሁሉም መስኮት ብቻ።
ሥራ የሚሠራው ባዶው ነው፣ አባባ፤
ግድግዳው የቆመው ባዶው እንዳይፈርስ ነው።
አንድ ማንኪያ ዱቄት ውስጡ ቢዘረጋ
የኛን የሩዝ ማሳ ያለብሳል፣ ከዳር ዳር ሲዘረጋ።

ያን ዱቄት በስስ ገለፈት ላይ አበቀልኩት፤
አሥራ ሁለት ጊዜ ሲደርቅ ተሰነጠቀ።
የፀጉር ታህል ንቃት ካለችበት
ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ መስኮት ከንቱ ነው፤
ውሃ ብልጥ ሰነፍ ነው፣
በር ተከፍቶለት በመስኮት አይሾልክም።

በአሥራ ሦስተኛው ያዘ።
በጠርሙስ በጥብጬ ካዘጋጀሁት መርዝ
ከመቶው ዘጠና ስምንቱን አስቀረ።
ሌሊት ደወልኩልህ፤ ከእንቅልፍህ ነቃህ፣
ረጅም ዝም አልህ፣ ከዚያ እንዲህ ጠየቅህ፦
«ታዲያ ቀለሙን ልፋቀው?»

በበነጋው ሳምንት የአምቢያ ቢቢን ውሃ
በጀሪካን ጭኜ በአውቶቡስ አመጣሁ።
አለፈ።
ግማሽ በግማሹ፣ ሳል እንኳ ሳይል፣ አለፈ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ ምክንያቱን ለማወቅ፦
የጠርሙሱ መርዝ የኤሌክትሪክ ሙል ነበረው፣
በሩ ላይ ሲደርስ ስሙን የሚናገር።
የጉድጓዱ መርዝ ግን አየር ሳያይ የኖረ፣
ሙል የለው፣ ምልክት የለው፣
ዘበኛው ምን ብሎ ይጠይቀው?
ውሃውን መስሎ ከውሃው ጋር ገባ።
ጮሆ የሚመጣውን እንጂ
ዝም ያለውን መያዝ አልተማርኩም ነበር።

ይህንን ለአምቢያ ቢቢ ብነግራት ሳቀች።
«እኔ ውሃውን አሳድረዋለሁ» አለች፣
«ከእንስራ ወደ እንስራ ከፍ አርጌ ገልብጬ፤
ጠዋት ከታች ዝገት ይተኛል፤
ላዩን ቀድቼ ዝገቱን ለሙዝ ሥር እደፋለሁ።
ማን አስተማረኝ? ማንም። ሽታው ይቀንሳል ብዬ።»

ለካንስ አየር ሲነካው መርዙም ስም ያወጣል፤
እኩሌታው ከዝገቱ ጋር ይወርዳል፣
ካደረው ውሃ ደግሞ ገለፈቴ ይለቅማል።
ሁሉንም አይደለም። ልዋሽህ አልችልም።
ዳካ ካጸደቁት ልክ በታች ነው፣
ዓለም ካጸደቀው ልክ ገና በላይ ነው፤
ከሁለቱ ልክ መሀል የምትጠጣ ሴት አለች።
ጁሌካንም ያስመለሳት ወሬ
በየትኛው ቀዳዳ እንደሚጣራ አላውቅም፤
የሱን ስፋት የለካ የለም።

ትናንት ስመጣ አረንጓዴውን ቆርቆሮ
ከአልጋ ሥር ጎትተህ ከፈትከው።
ዓመታት ቆይቶ ቀለሙ ላዩ ላይ
ስስ ገለፈት ሠርቷል፤
ከሥሩ እርጥብ ነው፣ ይነቃነቃል።
በጣትህ ልትበሳው እጅህን ዘረጋህ።

ተወው አባባ፣ አትብሳው።
ገና ነው።